ከክዳኑ ሥር ያገኘሁት የእጅ ጽሑፍ

ለውድ ታላቅ እህቴ ለፉሚኤ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ከባሕሩ ጭጋግ በወጣ ቁጥር ጉልበቴን ይቆረጥመኛል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ አሁን ተሻለሽ ወይ? የባለቤትሽ የሳዳኦ ደም ግፊትስ እንዴት ነው? ጨው ቀንስ ሲሉት ይሰማል ወይስ ዛሬም ከአንቺ እየተደበቀ ጨው የበዛበትን ዓሣ ይበላል? ልጅሽ ማሳሂሮና ሚስቱ፣ ሕፃናቱስ ደህና ናቸው? ውሻችሁ ኮሮ መሞቱን በጻፍሽልኝ ጊዜ ከልቤ ነው ያዘንኩት። አሥራ አራት ዓመት ደጃፍ ላይ ተኝቶ የጠበቀ ውሻ የቤት ሰው ነው። ሳዳኦ ሰንሰለቱን ከበሩ ላይ ማንሳት አቃተው ያልሽውን ለሚስቴ ለቶሺኤ ሳነብላት እሷም አለቀሰች። የላክሽልን የባሕር ቅጠል ደርሶናል፤ ሾርባው ሁሉ የእናታችንን ቤት የሚሸት ሆኗል። እኛም አንድ ሣጥን መንደሪን ልከናል።

እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። በአካሌ ማለቴን ልብ በይልኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ፈርቼ ነው። ያልደወልኩልሽ ቶሺኤ እንዳትሰማኝ ብዬ ነው። ደግሞም ድምፅሽን ከሰማሁ አልቅሼ ነገሩን ሳልነግርሽ ስልኩን እንዳልዘጋው ሰግቻለሁ። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የእኔን አመል ታውቂዋለሽ። ሰው ሁሉ ሲዲውን ጥሎ ሙዚቃ ከስልኩ ሲሰማ፣ እኔ ከአርባ ዓመት በፊት የተሠሩትን ከባባድ ሲዲ ማጫወቻዎች እየለቃቀምኩ ቤት አስገባለሁ። ሠላሳ አንድ ደርሰዋል። ቶሺኤ «አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱን እስቲ እራት ሥራ እለዋለሁ» እያለች ታሾፍብኛለች። ምን ላድርግ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ሲዲውን የሚያነበውን የሌዘር ሌንስ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ያኔ ዕቃ ሲሠራ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ ተብሎ ነበር። የሲዲው መሳቢያ ሲወጣ እንኳ ቀስ ብሎ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ነው።

ከሁሉም አንዱን ሳላገኘው እንዳልሞት እፈራ ነበር። ጎንና ጎኑ እንጨት የሆነ፣ አሥራ ሰባት ኪሎ የሚመዝን ማጫወቻ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከፀጉር አስተካካዩ ከኩሮኢዋ ቤት አራት ሽማግሌዎች ተሰብስበን ሙዚቃ እናዳምጣለን። ባለፈው ወር እዚያ ተቀምጠን «ይህን ማጫወቻ ሃያ ዓመት ሙሉ ፈልጌ አጣሁት» ስል ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ኩሮኢዋ «አንተ ሰውዬ ቀልድህ አያልቅም! ና ቁጭ በል፣ ጆሮህ ላይ የበቀለውን ፀጉር ልከርክምልህ፣ ያኔ ትሰማለህ» አለኝና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀልዱ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ወደ ወይዘሮ ኢሶጋይ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ጎራ ብል፣ ያ ማጫወቻ በስተግራ ካለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ እጄን ክዳኑ ላይ ጭኜ ጠራኋት። ወይዘሮ ኢሶጋይ መጥታ አንድ ጊዜ ዕቃውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየችና «እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ። «እንዴታ! ሃያ ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ነው!» አልኳት። ሳቀችና በሰማያዊ ብርድ ልብስ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ «ብርድ ልብሱንም ይውሰዱት» አለች። እኛም ቤት እንዲህ ያለ ነበረን ብዬ አሰብኩና ወዲያው ረሳሁት።

ቤት ስገባ ቶሺኤ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ። እኔ «ደግሞ አመጣህ?» ያለችኝ መስሎኝ ነበር፤ ሁልጊዜ የምትለው ነውና ሳቅ ብዬ አለፍኳት። አሁን ሳስበው ግን ያለችው «ደግሞ አመጣኸው?» ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ። አርባ ዓመት ያልተነካ ብሎን ካቻቪቴውን ይታገላል፤ እነዚህ ግን እንዲያው ሲነኳቸው ዞሩ። ከእኔ በፊት ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። ተናደድኩ፤ የማያውቅ ሰው ምን አበላሽቶት ይሆን ብዬ አምፑሉን አስጠግቼ ውስጡን አየሁ። አልተበላሸም። ሌንሱ ጠርቷል። የመሳቢያው ቺንጋ አዲስ ነው። ግሪሱ በሐዲዱ ላይ ስስ ሆኖ፣ ሳይዝረከረክ ተቀብቷል። «ይህ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን እጨብጠው ነበር» ብዬ ብቻዬን ተናገርኩ።

ከዚያ ክዳኑን ልወለውል ስገለብጠው በውስጥ በኩል በእርሳስ የተጻፈ አየሁ። «ሬይዋ 3ኛ ዓመት፣ ሜይ 16። ሌንሱ ተጠርጓል፤ ቺንጋው ተቀይሯል። ካትሱሂኮ። ይህ አይሸጥም።»

እህት ዓለም፣ ጽሑፉ የእኔ ነው። በልጅነታችን እንደ ሰከረ ሰው ያጋድላል እያልሽ የምትስቂበት ጽሑፍ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እኔው በገዛ እጄ ጠግኜዋለሁ፣ አይሸጥም ብዬ ፈርሜበታለሁ። ይህንን ዕቃ ግን በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ቤቴ ውስጥ አላየሁትም! ከዚያ ተነሥቼ፣ የጠገንኩት ሁሉ ላይ ቀኑን እጽፋለሁና፣ የሌሎቹን ክዳን እየፈታሁ ማየት ጀመርኩ። የአንዳንዶቹን ጽሑፍ ሳነብ ቀኑ፣ ዝናቡ፣ የበላነው ምሳ ሳይቀር ትዝ ይለኛል። የአራቱን ግን የማላውቀው ሰው የጻፈው ያህል ነው ያነበብኩት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ለመክፈት ድፍረት አጣሁ።

ቅዳሜ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሌባ ሸጦላት ይሆናል ብዬ ነው የሄድኩት፤ ሌባ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። ወይዘሮ ኢሶጋይ ግን መዝገቡን አውጥታ አሳየችኝ፤ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ስሙን መጻፍ አለበት። ኦገስት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። «እርስዎ ነዎት እኮ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያመጡት። እርግጠኛ ነዎት ብዬ ስጠይቅዎት፣ ‹ጆሮዬ ከእንግዲህ አይጠቀምበትም፣ ለወጣት ሰው ይድረስ› አሉኝ። ሐሙስ ሲመጡ ተጸጽተው መስሎኝ ነበር የሳቅሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ስትጠይቀኝ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ማን መሆን እንዳለበት እንኳ ጠፋኝ። አመስግኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ ኩሮኢዋ ትዝ አለኝ። ለካ የሳቁት ያንን ማጫወቻ አራታችንም እኔ ቤት ተቀምጠን ስለሰማነው ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ቶሺኤ ናት። ከሙቀቱ ወራት ጀምሮ ቁርስ ላይ «ዛሬ ሐሙስ ነው»፣ «ዛሬ አርብ ነው» እያለች ቀኑን ጮክ ብላ ትናገራለች። አረጀች መሰለኝ፣ ለራሷ እያስታወሰች ነው ብዬ አዘንኩላት እኮ! አሁን ስገምት ለእኔ ነው የምትናገረው። እሷ ታውቃለች፤ ማወቋን ግን እኔ እንዳውቅ አትፈልግም። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን ልነግራት አፌን ከፍቼ ስለ ዓሣው ጨው አወራሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባታችንን እስከ መጨረሻው ያስታመምሽው አንቺ ነሽ። ገንፎ እያጎረስሽው «የማን ልጅ ነሽ?» እንዳለሽ ነግረሽኛል። የሕመሙን አጀማመር ግን ስጠይቅሽ ሁልጊዜ «በድንገት መጣበት» ትይኛለሽ። ለእኔ አዝነሽ ነው እንጂ በድንገት እንዳልመጣ ይታወቀኛል። የመጀመሪያው ነገር ምን ነበር? አንድ ዕቃ ነው የረሳው፣ ሰው ነው፣ መንገድ ነው? ፈርቶ ነበር ወይ? እባክሽ አትማሪኝ፣ እንዳለ ጻፊልኝ። ሐኪም ዘንድ መሄድ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ለመሄድ ግን ለቶሺኤ መንገር አለብኝ፤ ለእሷ ከነገርኩ ደግሞ እውነት ይሆናል።

ትናንት ማጫወቻውን ገጥሜ አንድ የፒያኖ ሲዲ ከፈትኩበት። እንዴት ያለ ድምፅ አለው! የፒያኖው መዶሻ ክሩን ከመምታቱ በፊት ያለው ጸጥታ ሳይቀር ይሰማል። ጆሮዬ ምንም አልሆነም፤ ኦገስት ላይ ለምን ጆሮዬን እንዳሳበብኩ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰማ ሰው እንባዬ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ስንተኛዬ ይሆን ብዬ ፈራሁ፣ ሳያልቅ አጠፋሁት።

እንግዲህ ልሰናበትሽ። ስማችሁን የያዘውን ማስታወሻ ደብተር መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ በቃሌ ነው የምጽፈው። ለባለቤትሽ ለሳዳኦ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ጨዉን ይተው። ለልጅሽ ለማሳሂሮ፣ ለሚስቱ ለዩካ፣ ትምህርት ለጀመረችው ለኮሃሩ፣ ጥርስ ላወጣችው ለናጊሳ አንድ በአንድ ናፍቆቴን ንገሪልኝ። ኮሮንም ጆሮውን አሻሺልኝ፣ በበረዶው ደጅ አታሳድሩት።

ያለፈውን መስመር አሁን መልሼ አነበብኩት። ልሰርዘው እርሳሱን አንሥቼ ነበር፤ ግን ተውኩት፤ አንቺም እንድታዪው ይቆይ። ፖስታውን ሳላሽገው ለቶሺኤ እሰጣታለሁ። መጀመሪያ እሷ ታንብበው፤ ከዚያ አሽጋ ትላክልሽ።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ
ካትሱሂኮ

ሃማማትሱ፣ ኖቬምበር 12፣ ሬይዋ 6ኛ ዓመት
ማክሰኞ ነው፤ ጠዋት ቶሺኤ ነግራኛለች።