እህታችንና የወንዝ ማዶዋ ሰፈር

ባልደረቦቻቸው «እመት ወንዙስ» የሚሏቸው እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከከተማው ሆስፒታል ወንዝ ማዶ ባለችው ሰፈራችን በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ።

በ1977 ዓ.ም. በአዋላጅ ነርስነት ተመርቀው በሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል ካገለገሉ በኋላ፣ በሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ምርምር ገቡ። በ1980 ዓ.ም. ከመምህር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ለልጆች ሩኅሩኅ፣ ለሰነፍ ግን ምሕረት የለሽ ነበሩ፤ ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ያስተማሩት ቁም ስቅሉን አሳይተው ነው።

በ1999 ዓ.ም. የአራት አገር ተመራማሪዎች፣ ሕክምና ለድሃውም ለባለጸጋውም እኩል የሚዳረስበትን መንገድ የሚያጠና ቡድን ሲያቋቁሙ አባል ሆኑ። ቡድኑ የአምቡላንስ ጣቢያ የት ይሠራ የሚለውን ለመወሰን ርቀቱን በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ለካ። በካርታው ሰፈራችን የሆስፒታሉ ጎረቤት ናት። መሬት ላይ ግን ወንዙ መሀል ገብቷል፤ ድልድዩም ያለው እታች ርቆ ነው። እህታችን በየስብሰባው እጃቸውን አውጥተው «ወንዙስ?» ይላሉ። የውጭዎቹ «ጠቃሚ ነጥብ ነው» ብለው ያመሰግናሉ፤ የኛዎቹ ኃላፊዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ ሌላ ስብሰባ ይቀጠራል። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ያኔ ነው። እቤት ሲገቡ ቦርሳቸውን ወንበር ላይ ወርውረው «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ይሉ ነበር።

ከስድስት ዓመት ክርክር በኋላ ርቀቱ ሰው በሚሄድበት መንገድ እንዲለካ ተስማሙ። ጥናቱ ታተመ፣ ተጨበጨበለት፤ ሌሎቹ አገሮች ጣቢያዎቻቸውን በዚሁ አዛወሩ። የኛው ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ፤ ጣቢያው በፊተኛው ካርታ መሠረት ከሆስፒታሉ አጠገብ ተሠርቶ አልቋል። በወዲህኛው፣ በሰፈራችን ዳር ሌላ እንዲሠራ እህታችን እስከ ጡረታቸው ደጅ ጠኑ። መልሱ ሁልጊዜ «ይጠናል» ነበር። የተጠናውን ነገር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት እቤታቸው ድንገት ጠናባቸው። አምቡላንሱ ወዲያው ተነሣ። ሾፌሩ እንደነገረን፣ ከወዲያኛው ዳር የቤታቸውን ጣሪያ እያየ ነው ወደ ድልድዩ የዞረው። ሲደርስ አርፈው አገኛቸው። አልቅሷል፤ እሱ ምን ያድርግ።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። የቡድኑ አባላት ከየአገሩ አጽናንተውናል፤ በስማቸውም ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለመጥራት ፈቃዳችንን ጠይቀዋል። ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ጉባኤውን ግን አልፈቀደም፤ ጣቢያው ይሠራ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያለ ቀጠሮ ይቀበልልን።