ሁላችንንም ከማንጎው በላይ ያሰፈረ ማስታወቂያ

ለተከበረው የባሮ ዳርቻ ሥርዓት አስከባሪ ኮሚቴ
ጋምቤላ

የተከበሩ አባቴ አቶ ጃል እና እኩል የተከበሩ አባቴ አቶ ወንዳፈረው፣ (የስማችሁን ቅደም ተከተል የወሰንኩት ሳንቲም ወርውሬ ስለሆነ ቅሬታ ካለ ለሳንቲሙ ይቅረብ)፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ጤናችሁ እንደ አዲሱ ማህተማችሁ የደመቀ፣ ጉልበታችሁም የዳርቻውን ዳገት የማይፈራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔም ደህና ነኝ፤ ከኮምፒዩተሩ ክፍል ከተባረርኩ ወዲህ ሥራ ስለፈታሁ እንዲያውም ወፍሬአለሁ።

ብዕር ያነሳሁት ኮምፒዩተሩ «ሰው ከሰው የሚያጋጭ ዕቃ» ተብሎ፣ ሰኞ በሚሄደው መኪና ፑኝዶ ላለው ለሰጠን የእርዳታ ድርጅት እንዲመለስ መወሰናችሁን ሰምቼ ነው። በዚህ ከተማ እኔን የመሰለች ተማሪ ልትነካው የምትችለው ኮምፒዩተር እሱ ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው ሳይነሳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጥፋቱ በመጀመሪያ የእኔ ነው። እናንተ በወንዙ ማን የት እንደሚታጠብ የሚደነግገውን ማስታወቂያ አንዳችሁ ጠዋት፣ አንዳችሁ ከሰዓት እየመጣችሁ፣ ሳትገናኙ፣ በየራሳችሁ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ስታርሙ «አባባ፣ ምንም ችግር የለም፣ ፕሮግራሙ ያዋህደዋል» ያልኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ ሁለቱን እርማቶች ከድሮው ጽሑፍ ጋር መስመር በመስመር ያስተያያል፤ አንዳችሁ ብቻ የነካችሁትን መስመር ሳይጠይቅ ይቀበላል፤ ሁለታችሁም የነካችሁት መስመር ላይ ሲደርስ ግን ቀስት ደርድሮ «እዚህ ጋ ግጭት አለ» ይልና ሰው ይጠራል። ሰው ጠራ። እኔ መጣሁ።

፪. የጠራኝ ለመጀመሪያው መስመር ነበር። «ሰብሳቢ» በሚለው ቦታ ላይ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ስም በትሕትና አስፍራችሁ ስለነበር፣ አንዳችሁን «ዋና ሰብሳቢ»፣ አንዳችሁን «ጠቅላይ ሰብሳቢ» አድርጌ አስማማሁ። የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እናንተም ስላልጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። በዚህ አንድ መስመር ላይ ግማሽ ቀን አጥፍቼ ስነሳ ራሴን ትልቅ የእርቅ ሽማግሌ አድርጌ አየሁት፤ የጎደለኝ ጋቢና ሪዝ ብቻ ነበር።

፫. አሁን ወደ አራተኛውና አምስተኛው መስመር እንውረድ። ድሮ ሴቱም ወንዱም የሚታጠበው በወንዙ ፍሰት ከትልቁ የማንጎ ዛፍ በታች እንደነበረና የተከበረው ኮሚቴ የተቋቋመውም ይህን ለመለየት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። አቶ ጃል አራተኛውን መስመር አርመው ሴቶችን ከማንጎው በላይ አደረጉና ወንዶችን ባሉበት ተዉ። አቶ ወንዳፈረው ደግሞ አምስተኛውን አርመው ወንዶችን ከማንጎው በላይ አደረጉና ሴቶችን ባሉበት ተዉ። ለየብቻቸው ሁለቱም ብልህ እርማቶች ናቸው። የተነኩት መስመሮች ግን የተለያዩ ስለሆኑ ፕሮግራሙ ግጭት አልታየውም፤ ሁለቱንም ተቀበለ። እኔ ደግሞ ማሽኑ ዝም ሲል ሰላም የወረደ መስሎኝ ሳላነብ በፕሪንተር አወጣሁት። ክልላችን ክልል ከሆነ ወዲህ ወረቀት ማህተም ሲመታበት እንጂ ሲነበብ ብዙም አይታይምና፣ እናንተም ወጣቷን ላለማሳፈር ስትሉ ሳታነቡ መታችሁበት። ስላደረጋችሁልኝ እምነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፬. ማስታወቂያው ግንዱ ላይ በተለጠፈ ማግስት መላው ከተማ ከማንጎው በላይ ተገናኘ። እናቴ፣ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ወለተሥላሴ፣ ሳሙናውን ከፊቷ አለቅልቃ ቀና ብትል አቶ ወንዳፈረው አረፋ በአረፋ ሆነው «እንደምን አደሩ ሲስተር» አሏት። ቤት ስትገባ ለእኔ ያለችኝን ግን በሙሉ መጻፍ ነውር ስለሆነ ጫፉን ብቻ ላካፍላችሁ፦ «አንቺ፣ ኮምፒዩተር ትማር ብዬ ብልክሽ ከመሥሪያ ቤት ሰው ጋር አንድ ውሃ ትከቺኝ?» ከዚያ ወዲህ እሷ ስትታጠብ አንሶላ ዘርግቼ የምቆመው እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ኛታንግም «ሰዉን አንድ ቦታ ሰብስበሽ ለአዞ ድግስ ደገስሽለት» እያለች በትምህርት ቤት ታስቅብኛለች። ከማንጎው በታች ያለው ሰፊ ዳርቻ ለፍየሎች ቀርቷል።

ልመናዬ አጭር ነው። ማሽኑ ያላየውን ግጭት የሚያየው ሁለቱን መስመሮች አብሮ የሚያነብ ሰው ነበር፤ እኔ ያ ሰው አልሆንኩም። ዋና ሰብሳቢውና ጠቅላይ ሰብሳቢው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ወረቀት ብታነቡ ከሁለቱ መስመሮች አንዱን ወደ ድሮው መመለስ ይበቃል። የግድ የሚጫን ነገር ከተፈለገ ደግሞ እኔን ጫኑኝ፤ ፑኝዶ አክስት አለችኝ፣ ኮምፒዩተሩ ግን ዘመድ የለውም።

ባለ ሁለት ሰብሳቢው ኮሚቴ ዕድሜው እንዲረዝም፣ ስብሰባውም እንዲያጥር እየተመኘሁ፣ ክንዴ በአንሶላ ደንዝዞ የምገኝ ታዛዥ ልጃችሁ፣

ቤዛ ዳምጤ
የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የቀድሞ የኮምፒዩተር ክፍል ቁልፍ ያዥ፣ የአሁን መጋረጃ

የተረሳ ነገር፦ ትናንት አመሻሹ ላይ ሁለታችሁም ከማንጎው በታች፣ ፍየሎቹ መሃል፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥታችሁ በአንድ ሳሙና ስትታጠቡ ታይታችኋል። እኔ ፊቴን አዙሬ ነበር፤ የነገረችኝ ኛታንግ ናት። አምስተኛው መስመር፣ በማህተማችሁ ሥር፣ ወንዶች ከማንጎው በላይ ይላል። ሁለት ሰብሳቢዎች ያለ ምንም ፕሮግራም በአንድ ነገር ሲስማሙ ከተማው ሲያይ የመጀመሪያው ስለሆነ እንኳን ደስ አላችሁ። በእግራችሁ ያረማችሁትን በብዕር ድገሙትና፣ ሰኞ መኪናው ላይ የሚጫነው አምስተኛው መስመር ይሁን።