በሥራ ማፈላለጊያ ማዕከላችን መሥራች በእታለም ሞት የተሰማን ሐዘን

የማዕከላችን መሥራችና አስተባባሪ፣ ትልቁም ትንሹም «እታለም» እያለ የሚጠራቸው እህታችን፣ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ትናንት ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የማዕከሉ ሠራተኞች፣ የቦርድ አባላትና በዚህ ቤት በኩል እንጀራ የወጣላቸው ሁሉ በደረሰብን መርዶ ልባችን ተሰብሯል።

እታለም በሰፈራችን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈታይነት ተቀጥረው እስከ ፈረቃ ኃላፊነት የደረሱ ብርቱ ሠራተኛ ነበሩ። ፋብሪካው ሲዘጋ ሰፈሩ በአንድ ቀን ሥራ ፈታ፤ ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ አብረው ቤት ዋሉ። ያን ጊዜ እታለም ከቢሮ ቢሮ ተመላልሰው የፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ለማዕከልነት እንዲፈቀድ፣ የማዕከሉን ሠራተኞች ደመወዝም መንግሥት እንዲሸፍን አስወሰኑ። የጥጥ ብናኙ ከመስኮቶቹ ሽቦ ገና ሳይለቅ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ ሥራ ተጀመረ። በአንድ ጥግ ማመልከቻ ይጻፋል፣ በሌላው የስፌትና የኤሌክትሪክ ጥገና ሥልጠና ይሰጣል። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነበሩ፤ ቀጣሪውን አንዴ ይለማመጡታል፣ አንዴ ይቆጡታል።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ የሚመዘገበው ብዙ፣ የሚቀጠረው ጥቂት ነው በሚል የመንግሥት ድጋፍ እንዲቋረጥ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እታለም የግምገማው ስብሰባ በማዕከሉ መጠበቂያ ክፍል፣ በሥራ ሰዓት እንዲደረግ ጠየቁ። ገምጋሚዎቹ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ባለጉዳይ በገባ ቁጥር አንዱ እየተነሣ ቦታ ሲለቅ፣ ረፋዱ ላይ ሁሉም ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። አንድ በዕድሜ የገፉ የፋብሪካው ሸማኔ የቡድኑን መሪ ትክ ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ አንተንም አሰናበቱህ?» ቢሏቸው ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሳቁ ሲበርድ እታለም ሳል እያቋረጣቸው እንዲህ አሉ፦ «ሥራ ያጣ ሰው ጠዋት ተጣጥቦ የሚሄድበት ከሌለው አልጋው ላይ ይቀራል። እነዚህ ግን እዚህ ይመጣሉ። ዛሬ ባይቀናቸው፣ ነገ ቀጣሪ ሲደውል አገኛቸዋለሁ። ብትዘጉት የት ብዬ ልፈልጋቸው?»

እንግዶቹ ተሰናብተው ሄዱ። በቀጣዩ ወር ድጋፉ እንዲቀጥል፣ ለሥልጠናውም ተጨማሪ በጀት እንዲያዝ መወሰኑ ተነገረን። ሸማኔው ዛሬ በአንድ ትምህርት ቤት በዘበኝነት ይሠራሉ።

የፋብሪካው መካኒክ የነበሩት ባለቤታቸውም እንደማንኛውም ሥራ ፈላጊ ተመዝግበው ነበር። አንድ ጥሩ ቦታ ሲገኝ ባልደረቦች ተማክረን ለእታለም ሳንነግር ባለቤታቸውን ልንልክ ስንል ደረሱብን። «ባሌ ከሰው ባል በምን ይበልጣል? ተራውን ይጠብቅ» አሉን። ባለቤታቸው ለጥቂት ቀናት አኩርፈው፣ «ቤት አለቃዬ እሷ፣ ቢሮ አለቃዬ እሷ፤ አቤት የምለው ለማን ነው?» እያሉ አሳቁን። ተራቸው ደርሶ ባለፈው ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል በጥገና ሠራተኛነት ተቀጠሩ።

እታለም ሕመማቸው ሲጠና የተኙት በዚያው ሆስፒታል ነው። ባለቤታቸው በምሳ ሰዓት ከነሥራ ልብሳቸው ወደ ላይ ወጥተው፣ እጃቸውን በሳሙና ፈትገው፣ ሾርባ በማንኪያ ያጎርሷቸው ነበር። እታለም ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ «ማሽኖቹን ትተህ አትቆይ» ይሏቸው እንደነበር ነርሶቹ ነግረውናል። ትናንትም እስትንፋሳቸው ሲያልፍ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው ነበሩ።

ሥርዓተ ቀብራቸው ነገ ጠዋት ይፈጸማል። ማዕከሉ ለሐዘኑ ስንት ቀን ተዘግቶ እንዲቆይ እንደሚሹ ባለቤታቸውን ጠይቀን ነበር። «ቀብረን ስንመለስ ክፈቱት» አሉን። «እኔም እመጣለሁ። ባዶ ቤት ምን አደርጋለሁ?»

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለአብሮ አደጎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጥልን እንለምናለን። ማዕከሉ ነገ ከቀብር መልስ ይከፈታል። ለባለቤታቸውም ከጎናችን ቦታ ይዘናል።

የማዕከሉ ሠራተኞችና የቦርድ አባላት