ሁለተኛዋ የእትዬ ዓይን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂ። ከባድ መርዶ አለ። የሠዓሊነት ሕይወቴ ዛሬ፣ ምሳ እንኳ ሳይበላ፣ አረፈ። ገዳዩ እርሳስ ነው። ቀብሩ ሽንዲ፣ አባቴ ማሳ ላይ።

እንዲህ ነው። የመጽሐፍ ሥዕል የሚያስተምሩን መ/ር ይሁኔ፣ ሰው ከጎኑ፣ በአንድ በኩል ብቻ እንደሚታይ፣ ሥላችሁ አምጡ አሉ። እኔም ፍኖተ ሰላም ቤታቸው የሚያኖሩኝን አክስቴን፣ እትዬ ጥሩን፣ ምስር ሲለቅሙ ሣልኋቸው። አፍንጫ ልክ። አገጭ ልክ። ኮራሁና በር ላይ ለጠፍሁት።

አዩት። ጠጋ አሉ። ከዚያ፦ «ሌላዋ ዓይኔ የት ሄደች?»

ጎረቤት ልትጠይቅ ሄዳለች አልሁ። አፌን በቆረጠው።

ረስቼዋለሁ! ቤ/ክ ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣል። ባለ አንድ ዓይን ሰይጣንና ይሁዳ ናቸው።

«አንተ ቀልማዳ፣ ከይሁዳ ጎን አቆምኸኝ?»

ሰኞ ሽንዲ ትገባለህ፣ አባትህ አጫጅ ይፈልጋል አሉ። ሰኞ! መ/ር ሥራችንን ባሕር ዳር ላለ የልጆች መጽሐፍ አሳታሚ የሚያሳዩልን ቀን።

ረቡዕ፣ 12፣ ከሰዓት

እትዬ አያናግሩኝም። ሽሮው ግን እንደ ወትሮው ወፍራም። ተስፋ አለ።

መ/ር ሽማግሌ ሆነው መጡ። ትምህርት ነው እንጂ ስድብ አይደለም አሉ። እትዬ በትሕትና፣ እንግዲያስ እርስዎን ባንድ ዓይን ይሣልና ቤ/ክ እንስቀለው አሉ። መ/ር የቀረበላቸውን ጠላ ጨልጠው ሄዱ። ሽምግልናው ፈረሰ። ሳቄን ከበር ኋላ ዋጥሁት።

ዓርብ፣ 14፣ ጠዋት

ሥዕሉን አወረድሁ። ልቀደው ብል እጄ እምቢ አለ። መስኮት ላይ አስደገፍሁት። ፀሐዩ ሲያልፍበት መስመሩ በጀርባ ታየ! እሱኑ ተከትዬ በወረቀቱ ጀርባ የዚያኛውን ጎን ሣልሁ። ቅንድብ፣ ዓይን፣ ሁሉም።

ይገልብጡት እትዬ፣ አልሁ። ገለበጡ። መለሱ። ደግሞ ገለበጡ።

«እዚህ ነበረች ለካ።»

ጭናቸው ላይ ያለው ሰፌድ እስኪያዘነብል ሳቁ። ሽንዲስ? አልሁ ቀስ ብዬ። አባትህ አጫጁን ከጅጋ ይፈልግ አሉ።

እሑድ፣ 16

ሥዕሉን ወሰድሁላቸው፤ መ/ር እያገላበጡ አዩት። ይኼማ የመጽሐፍ ገጽ ነው፣ ልጅ ገልብጦ የሚያገኘው፤ ነገ ከሁሉ ቀድሞ ይታያል አሉ። ልቤ ቡሬ ደርሳ ተመለሰች።

ወስኛለሁ። አንድ ሙሉ መጽሐፍ እንዲህ እሠራለሁ፣ ሰዉን ሁሉ በሁለት ጎኑ። በመ/ር አፍንጫ እጀምራለሁ፣ ወረቀት ከበቃው።

በይ ነጠላሽን አስተካክይ። መርዶ ያልሁሽ አንዲት ዓይን ነበረች፣ ያውም ሳትጠፋ፣ ከጀርባ ተቀምጣ። እትዬ እየተጣሩ ነው። በጀርባው በኩል ጉትቻቸውን ረስቼዋለሁ!