ሌባ ሰማይ ላይ አይሄድም

ውድ አባባ ታፈረ፣

ጤናዎን ከእማማ ቦጋለች በስልክ እየሰማሁ ነው፤ እኔና ረዑትም ደኅና ነን። የምጽፍልዎ በስልክ አልሆንልኝ ስላለ ነው። ድምፅዎን ስሰማ አፌ ይታሰራል።

ያ ፓውዛ የተተከለው በእኔ ልመና እንደሆነ ያውቃሉ። ልጄ ረዑት ከሥራ ስትመለስ በብስክሌት የመጣ ጎረምሳ ቦርሳዋን መንትፏት ወድቃ ጥርሷ ሲሰበር፣ ማዘጋጃ ቤቱ ኢሪያ ሄጄ ሹማምንቱ ፊት አለቀስኩ። መብራቱ መጣ። ከብሎካችን እስከ መንገዱ ቀን ሆነ። በዚህስ አልጸጸትም።

የሚቆረቁረኝ ሌላው ነው። አንቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከብሎካችን በታች ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ የሰንበትን መውጣት የሚያበስረው ሦስት ኮከብ እስኪወጣ ሰማይ ሰማይ ያዩ ነበር። ልጆቹ ከበውዎት ይቆጥራሉ። ሦስተኛው ብቅ ሲል፣ “ሰንበት በሰላም ወጣች፤ ሳምንቱንም የሰላም ያድርግልን” ይላሉ። እኛም በየመስኮታችን አሜን ብለን ምድጃ እንለኩሳለን። ፓውዛው ከመጣ ወዲህ ግን ሰማዩ ኖራ እንደተቀባ ግድግዳ ነጣ።

“እታገኝ ልጄ፣ ይኸን ነገር ለኢሪያ ንገሪልኝ” አሉኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ነበር።

“አባባ፣ ሰንበት የሚወጣበት ሰዓት ስልክ ላይ አለ። ለኮከብ ብዬ ልጄን በጨለማ ላስደብድብ?” አልኩዎ። ሰው ሳቀ።

አንቱ አልተቆጡም። “አጥፊው አላልኩም። ፊቱን ወደ መሬት ያዙሩት ነው ያልኩ። ሌባ ሰማይ ላይ አይሄድ።”

እንደገና ተሳቀ። አሁን የተሳቀው በእኔ መሰለኝና ነገሩን ለማንም ሳልናገር ቀረሁ። እልህ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ ወዲህ አግዳሚው ላይ አልታዩም። እማማ ቦጋለች፣ “ኮከብ ሳላይ እሳት አታንጂ ይለኛል፤ ቀዝቃዛ በልተን እንተኛለን” ብለው ሲያጫውቱኝ እንኳ ኢሪያ አልሄድኩም። ልጅዎ ሊአት በረሃው ውስጥ ወዳለችው የሩሃም ከተማ ልትወስዳችሁ የመጣች ዕለት፣ አንቱ ጎረቤቱን አንድ በአንድ ሲሰናበቱ እኔ መጋረጃ ኋላ ቆሜ ነበር። ቀና ብለው መስኮቴን አዩ። አልወረድኩም።

ባለፈው ወር ነፋስ ፓውዛውን አነቃነቀውና ኦዴድ የሚባል ሠራተኛ መሰላል ባለው መኪና መጣ። ፊቱን ወደ መሬት ማዞር ይቻል እንደሆነ እየፈራሁ ጠየቅኩት።

“ለምን አይቻልም?” አለኝ። ብሎኑን ፈታ፣ ወደ ታች አጎነበሰው፣ ከላዩ ቆርቆሮ ገጠመለት። ምድጃ ላይ የጣድኩት ውሃ ሳይፈላ ጨረሰ። ረዑት የምትመጣበት መንገድ ጭራሽ ከበፊቱ በራ። “ቀደም ብለሽ ብትነግሪን ያኔውኑ እናደርገው ነበር” ብሎኝ ሄደ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ወረድኩ። የከተማው መብራት አሁንም ሰማዩን ያቀላዋል። ቢሆንም ከጣሪያው በላይ አንድ አገኘን፣ ቆይቶ ሁለተኛ። የጎረቤታችን የሸዋርካብ ልጅ ሮን ሦስተኛውን አየሁ ብሎ ዘለለ፤ አውሮፕላን ሆነ። እውነተኛው ሲወጣ ሁሉም ያንን ቃልዎን እንድላቸው ወደ እኔ ዞሩ።

“ኢማ፣ በይ እንጂ” አለችኝ ረዑት።

“የእኔ አይደለም” አልኳት።

ትናንት እማማ ቦጋለች፣ “እዚህ ኮከቡ ሞልቶ ፈሷል፤ እሱ ግን የሚነግረው ሰው ነው ያጣ” አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

የሥርየት ቀናችን አስተስርዮ እየደረሰ ነው። ፈጣሪን የበደልኩትን ጾሜ እለምነዋለሁ። አንቱን የበደልኩት ግን በጾም የሚለቅ አይደለም። ሐሙስ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ከታሃና መርካዚት ተሳፍሬ እመጣለሁ። ይቅር በሉኝ ብዬ አላስጨንቅዎትም። ጎረቤት እየሰማ ነው ያዋረድኩዎት፤ ሊአትና ልጆቿ እየሰሙ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ። ከዚያ ቢያስገቡኝም፣ ከደጅ ቢመልሱኝም ፈቃዱ የአንቱ ነው።

ጉልበትዎን የምስም
ጎረቤትዎ እታገኝ
ከሽኩና ጊሜል፣ ቤርሼባ