ኃጢአት የተጫነበት የአማቴ ፍየል

እሑድ

ትምህርቱ ከሚገባው በላይ ገባቸው።

የአዋቂዎች ሰንበት ትምህርት ላይ የማስተማር ተራዬ ደረሰ፤ ርዕሱ የኦሪቱ የስርየት ቀን ነበር። ሁለት ፍየሎች ይቀርባሉ፤ አንዱ ይታረዳል፣ ሌላው የሕዝቡ ኃጢአት ተጭኖበት ወደ በረሃ ይለቀቃል። በቃል ብቻ ደረቅ ሆነብኝ። አማቴ ለአራሷ ልጃቸው ከአንጋጫ የላኩት ፍየል ግቢያችን ታስሯል። ይዤው ሄድኩ።

የሚታረደውን በወሬ አረድኩት። በሚለቀቀው ራስ ላይ ሁለት እጄን ጭኜ "ሐሜታችንን፣ ቅናታችንን፣ የሰው ድንበር መግፋታችንን" እያልኩ ተናዘዝኩ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። አለቀሱ! ተሰልፈው እየመጡ እጃቸውን ጫኑበት። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ የአጥር ጎረቤቴም የሆኑት ጋሽ ሎምበሶ ደግሞ ቀንዱን አልለቅ አሉ።

"ይህ ሁሉ ጥላ ነው፤ ክርስቶስ አንዴ ተሸክሞታል፣ ከእንግዲህ ፍየል አያስፈልግም" ብዬ ደመደምኩ። አሜን አሉ። ፍየሉን ወደ ቤት መለስኩት። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ በረሃ ከየት ይመጣል? ዙሪያው እንሰት ነው።

ሰኞ

ባለቤቴ አበበች ሰማች።

"የእናቴን ፍየል ምን አደረግኸው?"

"ምንም። ሣር እየበላ ነው።"

"እሱስ ይብላ። እሱን ማን ሊበላው ነው?"

ረቡዕ ታርዶ ምእመናኑ አራሷን ሊጠይቁ ይመጣሉ። አማቴም ይመጣሉ። ከሰዓት ጋሽ ሎምበሶ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው "ረቡዕ ጾም ጸሎት ይዣለሁ" አሉኝ። የመዘምራኑ መሪ ደወለች፤ እሷም ይዛለች። በሰፈራችን ረቡዕን የሚጾሙት ኦርቶዶክሷ ወይዘሮ ጽጌ ብቻ ነበሩ። አሁን ቤተ ክርስቲያናችን በሙሉ ተከተላቸው።

ማክሰኞ

ቤት ለቤት ዞርኩ። "የፍየል ደም ካላነጻ ሥጋው እንዴት ያረክሳል?" እላለሁ። "ልክ ነህ፣ ወንድሜ፣ አሜን" ይላሉ። ከዚያ አንዱን ጥርሱን ያመዋል፣ ሌላዋን ጨጓራዋን።

በሌላ ፍየል ልለውጠው አሰብኩ። ግን ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ አማቴ ያሳደጉትን ያውቁታል። ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ያሳደጉት ነው። ሰው ሳይቀምሰው ቢቀር ምን ዓይን ይዤ አያቸዋለሁ? ፈርቻለሁ። ፍየሉ ግን ሰላም ነው፤ ያን ሁሉ ተሸክሞ ወፍሯል።

ረቡዕ

ሁሉም መጡ፤ መቅረትም ነውር ነው። ቆጮውንና ጎመኑን እያነሱ ሥጋውን እንዳላዩ አለፉት። አማቴ ትሪውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ምን ሆኖ ነው?"

የእሑዱን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ጌታ ተሸክሞት ሄዷል ትሉ የለም እንዴ?" አሉ አማቴ ወደ እንግዶቹ ዞር ብለው። "ታዲያ ፍየሌ ውስጥ ምን ቀረ? ደግሞስ ኃጢአቱን ስትሠሩት ያልመረራችሁ፣ ዛሬ በቅቤ ሲመጣ ነው የመረራችሁ?"

መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ሎምበሶ ናቸው። መጀመሪያ የጎረሱትም እሳቸው። ከዚያ ትሪው ባዶ እስኪሆን እጁን የሰበሰበ አልነበረም። አማቴ ደስ ብሏቸው ልጁን መረቁ፤ እኔም ተነፈስኩ።

ሲወጡ ጋሽ ሎምበሶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ያቺን ወደ አንተ የገፋኋትን አጥር ነገ ጠዋት እናያታለን፤ እሷን ፍየሉ የወሰዳት አይመስለኝም" አሉኝ።

ለአበበች ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። እኔ ራሴ ስጎርስ ከታፋው መርጬ ነው፤ እጄን ከጫንኩበት ራቅ ብዬ።