ለብቻ የቀረበ ሳህን

ሐሙስ፣ መስከረም 23። ጠዋት 1፡30

ቁርስ፦ የአጃ ገንፎ። ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው። ከላይ የተልባ ዱቄት። ጥርስ ላላወጣ ሕፃን የሚሆን ነገር ነው። ጨርሼዋለሁ።

ክርን፦ ቀይ፣ ቅርፊቱ ወፍራም። ጉልበት፦ እንደዚያው። መዳፍ፦ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። አንሶላውን ደጅ አውጥቼ አራገፍኩ። ደረቅ ቂጣ የፈረፈሩበት ይመስላል።

አንተን ደብተር ያስገዛችኝ የቆዳ ሐኪሟ ናት። በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች። ሶሪያሲስ ነው አለችኝ። አይጋባም። ጨርሶ አይለቅም፤ ግን ይበርዳል። የሚያድን ምግብ የለም፤ የሚያባብስብኝን ግን እየጻፍኩ መለየት አለብኝ። ጠላና አረቄ ይቅር። ጮማ፣ ስኳር፣ ጨው ይቀነስ። ክብደትም ይውረድ። ጎመን፣ ጥራጥሬ፣ ከተገኘ ዓሣ።

ሠላሳ አራት ዓመት በት/ቤት ባልትና አስተምሬ፣ በስተርጅና የበላሁትን እንድጽፍ ታዘዝኩ። ይሁን። የታዘዙትን መሥራት ተምሬያለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 2። ከገበያ መልስ

ጎመን፣ ካሮት፣ ምስር። ዓሣ የለም፤ ከባሕር ዳር መኪና አልገባም። ሐኪሟ ያዘዘችው ቅባትም የለም። ባለ ፋርማሲው መንገድ ሲከፈት ይመጣል ይላል። መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ግን አይነግረኝም።

ጎረቤቴ ወ/ሮ አስካለ ዘንቢሌን ከፍታ አየች። ከልጅነት ጀምሮ የሰው ዘንቢል ሳታይ አታልፍም። «ኧረ እህቴ፣ እንደ ፍየል ቅጠል ለቅጠል ሆንሽ እኮ!» ብላ ሳቀች። ለእሷ የሁሉ ነገር መድኃኒት የደምበጫ አረቄ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ነው። ለጉንፋንም፣ ለሐዘንም፣ ለቆዳም። አልጠጣም ብላት አኮረፈች።

ከጎረቤቶቼ አንዷ ምስር ያሳክካል ትላለች። አንዷ ድንች። አንዷ እንቁላል። ሁሉንም ብሰማ የሚቀረኝ ውኃ ነው። እሱንም ሳትጠይቂ አትጠጪ ሳይሉኝ አይቀሩም።

ምሳ፦ ሽሮ፣ ጎመን። ጨው ግማሽ ማንኪያ። ያስጠላል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት 2፡00

የግራ መዳፍ ገጥሟል። ቀኙ ሊገጥም ነው። ጠዋት እጄን ጨበጥኩ፣ ዘረጋሁ፣ ጨበጥኩ። አልደማም።

አረቄ ከቀረ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ነው። ቀሚሴ ወገቡ ላይ ሰፍቷል። ምግቡ ይሁን፣ ወይስ በሽታው ራሱ አርፎ ነው? ሐኪሟም በእርግጠኝነት አትነግረኝም። እኔ ግን ጽፌዋለሁ።

ለማርያም እደርሳለሁ። በ21 ማኅበር ነው። ጽዋው በዚህ ዙር የሚደርሰው ለእኔ ነው። ጽዋውን የተቀበለ በሚቀጥለው ወር በቤቱ ይዘክራል። ባሌ በሞተበት ዓመት እንኳ ተራዬን አላለፍኩም። ይህ እጅ የተሻለው ለዚያ ነው፤ ለሐኪሟ ብዬ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21። ከማኅበር መልስ፣ ከቀኑ 11፡00

ለሐኪሟ የማላሳየው ገጽ።

እጅ ታጠብን። እኔ እንደ ልማዴ እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ነጠላዬ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ክርኔ ታየ። ወደ መሶቡ ልጠጋ ስል የሺ ሳህን ይዛ መጣች። ሳህን! ለብቻዬ! ያውም እንጀራው ተቆራርጦ፣ ወጡ ዳር ዳሩን ተቀምጦ። «እትዬ፣ እንዳይጨናነቁ ብዬ ነው» አለችኝ በትሕትና።

የሺ ተማሪዬ ነበረች። አሁን የማኅበራችን ሙሴ ናት፤ ሥርዓቱን የምታስከብር እሷ ናት። ከመሶቡ ዙሪያ አንድም ሴት ቀና ብላ አላየችኝም። ሃያ ዓመት ጎርሰን፣ ተጎራርሰን።

የባሰው በኋላ መጣ። ቄሱ ባረኩ፣ ጽዋው ተነሣ። እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። የሺ በፊቴ አሳልፋ ለአስካለ ሰጠቻት። ምክንያቱ የእኔ ጤና ነው አሉ፤ ድግሱ ያደክመኛል። አስካለ መሬት መሬት እያየች ተቀበለች።

ሳህኑን ጨረስኩት። ጮማውንም። ሌላ ጨመሩልኝ፣ እሱንም። ጠላ ሦስት ብርጭቆ። ማንም አትጠጪ አላለኝም። ለጤናዬ ያሰቡልኝ እስከ ጽዋው ድረስ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ቀኝ መዳፍ እንደገና ተሰነጠቀ። የራስ ቅሌ ያቃጥላል። ሌሊት አካክኬ አደርኩ።

ቁ፦ ምንም። ም፦ ዳቦ በስኳር ሻይ። እራት፦ አስካለ በልጇ የላከችው አረቄ። ኩርፊያዋን ትታለች። ጽዋውን ስለወሰደች የላከችው መሆኑን አውቃለሁ። ጠጣሁት።

ለማን ብዬ ነው ጎመን የምበላው?

እሑድ፣ ኅዳር 1። ከሰዓት በኋላ

የሺ መጣች። አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዛ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ። አሳምሬ ነው ያሳደግኋት።

ስለ ሳህኑ በቀጥታ ጠየቅኋት። አልተቆጣችም። ያዘነች መሰለች። ሐኪሟ አይጋባም ማለቷን ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች፣ እጇን ግን ከእጄ አራቀች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረች፦

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩን? እጁ ላይ ነገር ያለበት ሰው ሊጥ አይነካም፣ ከሰው ጋር አይበላም አላሉንም? ብርቄን አግዳሚው ላይ ለብቻዋ ሲያስቀምጧትስ?»

ብርቱካኑን ተቀበልኩ። አመሰገንኩ። በሩን ዘጋሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ብርቄ። ከአማኑኤል ከተማ የመጣች ቀጭን ልጅ። ፊደሏ ቀጥ ያለ ነበር። ክርኗና የእጇ ጀርባ ላይ ነጭ ቅርፊት ነበራት።

ሌሎቹ ሊጥ ሲያቦኩ እሷን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ አሠራሩን በጽሑፍ አስገለብጣት ነበር። ሌሎቹ የጋገሩትን ሲቀምሱ ለእሷ በወረቀት ይሰጣታል፣ ለብቻዋ ትበላለች። ንጽሕና ነው አልኩ። ቅርፊቱ ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሐኪም ቤትም አልላክኋትም። ዓመቱ ሲያልቅ በተግባር ፈተና ዜሮ ሰጠኋት። ሊጥ አልነካችማ። ደንቡ ደንብ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ክፍል ውስጥ አልነበረችም። የት እንደገባች አልጠየቅሁም።

ዛሬ ክርኔን በመስታወት አየሁት። ያው ነው። ያው ቅርፊት።

ም፦ ረስቻለሁ። ስለ ምግብ መጻፍ አስጠላኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 4፡00

አስካለ መጣች። በነጠላዋ ውስጥ የሸፈነችው ነገር አለ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ገለጠችው። ጽዋው ነው።

ቤቷ ካስገባችው ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። የሌላ ሰው ተራ እንደሰረቀች ነው የሚሰማት። «ወይ አንቺ ያዢው፣ ወይ ለየሺ አንቺው መልሺላት። እኔ እንደሁ እሷን እፈራታለሁ!» አለች። እኔም ሳቅሁ። ከማኅበሩ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ብርጭቆዬን አንሥታ አሸተተችና፣ ሁለተኛ አረቄ ብልክልሽ እጄ ይቆረጥ ብላ ማለች።

ያዝኩት።

የወሰንኩት፦

ኅዳር 21 በእኔ ቤት ነው። ለየሺ ዛሬ እነግራታለሁ፤ አላስፈቅዳትም። ያን ጊዜ የገና ጾም ገብቷል፤ ሥጋም ቅቤም የለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ከላይ የተልባ ፍትፍት። አንድ ቀን የእኔን ምግብ ይብሉት። ጠላውን እጠምቃለሁ፤ አልቀምሰውም፣ አስካለ ትቀምስልኛለች።

መሶቡ አንድ ነው። ሳህኖቼን በሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለአስካለ ሰጥቻታለሁ።

ቄሱ ከባረኩ በኋላ፣ ማንም እጁን ሳይሰድ፣ ስለ ብርቄ እናገራለሁ። ዜሮው የእኔ እንጂ የእሷ እንዳልነበረ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ መነሣት የፈለገች ትነሣ። ምናልባት ሁሉም ይነሣሉ። የሺን አውቃታለሁ፤ ያስተማርኋትን አትረሳም።

ድፎውን በእጄ አቦካለሁ። መዳፌ ከገጠመ ነው። የተሰነጠቀ እጅ ሊጥ አይነካም፤ ያ ደንብ ዛሬም ትክክል ነው። ቅርፊት ግን ቁስል አይደለም። ልዩነቱን ማየት የነበረብኝ ያኔ ነው።

አሥራ ሁለት ቀን አለኝ።

ቁ፦ አጃ፣ ተልባ። ም፦ ጎመን፣ ምስር። ጨው የለውም። በላሁት።